ካድሬው ያስተማረን ቅዱስ ኅብረት

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ከልጅ ልጄ ከሳሮን ጋር በአውቶቡስ ወደ ፎረስት ሎን ሰፈር ስንሄድ፣ «አባባ፣ ሆሊ አላያንስ የሚባል ነገር ያውቃሉ? ላይክ፣ ቴስት አለብኝ» አለችኝ።

«ቅዱስ ኅብረትን ነው? ምሽግ ውስጥ ተምሬዋለሁ» አልኳት። አላመነችኝም። የሆነው እንዲህ ነው።

ሰሜን ግንባር አንድ ራቁት ኮረብታ ይዘን ነበር። በአንድ ምሽግ ሦስት ነን፤ እኔ ኦርቶዶክስ፣ ተስፋይ ካቶሊክ፣ ማቴዎስ ጴንጤ። ከጠላት ይልቅ እርስ በርስ እንዋጋ ነበር። ተስፋይ መቁጠሪያውን ሲያወጣ ማቴዎስ ጥቅስ ይጠቅስበታል። እኔ ስጾም ማቴዎስ አፍንጫዬ ሥር የሥጋ ቆርቆሮ ይከፍታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሻምበላችን ካድሬ ሰብስቦ ስለ አብዮት ጠላቶች አስተማረን።

«ናፖሊዮን ከተሸነፈ በኋላ የሩሲያ፣ የኦስትሪያና የፕሩሲያ ነገሥታት ቅዱስ ኅብረት የሚባል ውል ተፈራረሙ። በክርስቶስ ወንድማማች ነን፣ እንረዳዳለን ብለው ማሉ። ዓላማቸው ግን ዙፋናቸውን ማዳን ነበር!»

ማቴዎስ እጁን አወጣ። «ጓድ፣ ሃይማኖታቸው አንድ ነበር?»

«አይደለም። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ካቶሊክ፣ አንዱ ፕሮቴስታንት። ጨቋኝነታቸው ግን አንድ ነው!»

ሦስታችን ተያየን። እንድንጠላው የነገረንን ወደድነው። የዚያኑ ዕለት ማታ እኛም ውል ገባን፤ ክርክር የለም፤ አንዱ ሲጸልይ ሁለቱ ይጠብቃሉ፤ በጾም ቀን ቆርቆሮ የሚከፈተው ነፋሱ ሽታውን ወደ እኔ በማያመጣበት በኩል ነው።

ጎህ ሲቀድ ሞርታር ወረደብን። ተኮስን። ቀኝ ክንፋችን ተሰበረ። መልሰን ያዝነው። በዚህ መሃል አንድ ሰው ምሽጋችን ውስጥ ዘሎ ገባ። ካድሬው ነው።

«ድንግል ማርያም፣ አንቺው ታውቂያለሽ!»

ተስፋይ ጥይት እየሞላ፣ «ጓድ፣ የእኔን ነው የጠሩት ወይስ የእሱን?» አለና ወደ እኔ ጠቆመ።

«ተዋቸው» አለ ማቴዎስ። «እሳቸው እየጸለዩ ነው፤ ጥበቃው የእኛ ነው።»

በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቅን።

ረፋዱ ላይ ተኩሱ በረደ። ሙታኑን ቆጠርን። ከሻምበሉ ሰባት ሰው አጥተናል። ከሰባቱ አንዱ ማቴዎስ ነው። ውላችን ከአንድ ሌሊት አላለፈም። የነገሥታቱ ግን ዓመታት ቆይቶ ሕዝብ ማፈኛ ሆኗል፤ በዚህ ካድሬው አልዋሸንም።

እኔና ተስፋይ መቃብሩን ስንቆፍር ካድሬው አካፋ ይዞ መጣ። የማቴዎስን መዝሙር የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ ካድሬው ቆቡን አውልቆ «አባታችን ሆይ» አለ። መሃል ላይ ሲደርስ ጠፋው። ተስፋይ ቀጠለለት፤ እኔም ተከተልኩ።

አሜን ካልን በኋላ ካድሬው ቆቡን መልሶ አጠለቀ።

«ይህን ለበላይ ሪፖርት አላደርግም» አለን።

«አይስጉ ጓድ» አለው ተስፋይ፤ «እኛም አናደርግብዎትም።»