ካዮቲው ዞሮ ያለፈው ሐይቅ

ቅዳሜ አብራችሁኝ የምትወጡ ልጆች፣ ስለ ጠመንጃው አትጨነቁ፤ ኮርሱን ወስዳችኋል። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንድ ሐይቅ ነው። አንገቴ ላይ በገመድ ያንጠለጠልኳቸውን እነዚህን ሁለት እጀታ ያላቸው ችንካሮች እያያችሁ «የእትዬ ዘሀራ ጌጥ» ብላችሁ ስትስቁ ሰምቻለሁ።

ጊዜው የጥር መጨረሻ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሞቅ ብሎ ጣሪያው ሁሉ ሲንጠባጠብ ቆየና በአንድ ሌሊት እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ ጣለ። ለካዮቲ አደን እንዲህ ያለ ቀን አይገኝም። አዲስ በረዶ ላይ የትናንት ዱካ ስለሌለ፣ የምታዩት ሁሉ የዛሬ ነው። ካዮቲ ከቀበሮ ተለቅ፣ ከተኩላ አነስ ያለ አውሬ ነው። ለዓረፋ በግ የሚሸጥልን ሽማግሌው ገበሬ ሮይ «አራት ግልገል በላብኝ» ብሎ ደወለልኝ። ቸግሮት የደወለው ለእኔ ነው። ቡርንስቪል ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ድራይቭ ለምታደርግ፣ አደንን ራሷን በራሷ ላስተማረች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አብረውኝ የወጡት ጋሽ ከድር ናቸው። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ልብስ ስፌት ቤት አላቸው። በወጣትነታቸው ቆላ ወርደው ጎሽ ገድለዋል፤ ሲያወሩት ጎሹም በየዓመቱ እየተለቀ ይሄዳል። በረዶ ላይ የሚንሸራተተውን ሞተር፣ ስኖሞቢል፣ መንዳት ያስተማርኳቸው ግን እኔ ነኝ።

ከሮይ የበጎች ጋጣ ጀርባ ሁለቱን ማሽኖች ከትሬይለር አወረድን። ጠመንጃዎቹን ሳናጎርስ በሽፋናቸው አሰርን። እኔ ለመቅደም ሞተሬን ሳስነሳ ጋሽ ከድር እጃቸውን ዘረጉ።

«ታላቅ ይቅደም» አሉ።

«መንገዱን አያውቁትም እኮ ጋሽ ከድር።»

«ጎሽ ያሳደድኩ ሰውዬ ለበግ ሌባ አስጎብኚ ልቅጠር?»

ሳቅኩና ለቀቅኩላቸው። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ሐይቅ ባለበት የሚቀድመው ውሃው ላይ የረጋውን ግግር በረዶ የሚያውቅ ነው። ግን በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው ከኋላ አስከትዬ መሄድ አላስቻለኝም። እኛ እኮ በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ፣ አይ እርስዎ» ስንባባል ቤቱን ብርድ የምናስገባ ሰዎች ነን።

ሜዳውንና ጫካውን በሰላም አለፍን። ሐይቁ ዳር ማሽኖቹን አጥፍተን፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን፣ አንድ ጥድ ሥር ተቀመጥን። የቆሰለ ጥንቸል ድምፅ የሚያወጣውን ፊሽካ ነፋሁ። ነፋ አድርጌ ዝም፣ ነፋ አድርጌ ዝም። የእግሬ ጣቶች መደንዘዝ ሲጀምሩ ከማዶ ሸምበቆው ውስጥ አንድ ግራጫ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«አየሽው?»

«አይተንፍሱ» አልኳቸው።

የተራበ ካዮቲ ጥንቸል ስታለቅስ ከሰማ በቀጥታ ይመጣል። የሚዞርም ከሆነ የሚዞረው ሽታችንን ለማግኘት፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ነው። ይሄኛው ግን በተቃራኒው፣ ዳር ዳሩን፣ እንደ ደጋን ጎብጦ ዞረ። መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። ጋሽ ከድር ተኮሱ። አንድ ጥይት ብቻ፤ ካዮቲው ባለበት ተኛ። ወላሂ የሚያምር ተኩስ ነበር።

ጥይቱን አራግፈው ጠመንጃውን ሰጡኝና ማሽናቸው ላይ ወጡ። እኔ ዱካውን አየሁ። ካዮቲው ያልረገጠው ቦታ ላይ በረዶው ትንሽ ሰርጎድ ብሎ ግራጫ መስሏል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እዚያ ጋ ወንዝ ይገባል። ከሥር ውሃው ይሄዳል፣ ከላይ አዲሱ በረዶ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል፤ ግግሩ እንዴት ይጠንክር?

«ጋሽ ከድር» አልኩ።

ዞር አሉ። ፊታቸው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ፊት ሆኗል። «ምነው?»

ያንን ደስታ በትእዛዝ ማቋረጥ ከበደኝ።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አልኳቸው።

ማስጠንቀቂያውን ዋጥኩት። ሄዱ፤ በቀጥታ፣ በግራጫው መሐል። ተጸጽቼ ስጮህ ሞተራቸው ድምፄን በላው። ግግሩ እንደ ደረቅ ሰሌን ተንጣጣ፣ የማሽኑ አፍንጫ ሰመጠ፣ ጋሽ ከድር እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገቡ።

ማሽኔን ጠንካራው ግግር ላይ አቆምኩ። ኮርቻው ሥር የምይዘውን ገመድ አውጥቼ አንዱን ጫፍ ከማሽኑ ኋላ አሰርኩና ሌላውን ይዤ በሆዴ ተሳብኩ። ከሥሬ ግግሩ ሲያቃስት ይሰማኛል። ገመዱን ወረወርኩላቸው፤ ጣቶቻቸው አልታዘዝ አሉ። የያዙት ጠርዝ ሁሉ ይሰበራል።

«ዘሀራ ተመለሽ፤ ልጆች አሉሽ» አሉኝ።

«ዝም በል ከድር! የምልህን ብቻ አድርግ!» አልኳቸው። ከእናታቸው ሞት በኋላ እንደዚያ ብሎ የተናገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ችንካሮቹን ከአንገቴ አውልቄ አንሸራተትኩላቸው። «በጡጫህ ጨብጥ! ግግሩን ውጋ! እግርህን እንደ ዋናተኛ ምታ!»

አንዴ ወጉ፣ ተሰበረ። ሁለተኛ ወጉ፣ ያዘ። ደረታቸው ሲወጣ ገመዱን በብብታቸው ሥር አሳልፌ ቋጠርኩና እየተሳብኩ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ። በኤሊ እርምጃ ነዳሁ። እንደ ጆንያ እየተንሸራተቱ ወጡ።

በማሽኔ ጭኛቸው ጋጣው እስክንደርስ እርጥብ ልብሳቸው በውርጩ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳ ነበር። ሮይ አራቁቶ በብርድ ልብስ ጠቀለላቸውና ለግልገሎች ማሞቂያ በሰቀለው አምፖል ሥር፣ በበጎች መሐል አስቀመጣቸው። ጥርሳቸው መንቀጥቀጡን ሲያቆም መጀመሪያ የጠየቁት ምን ይመስላችኋል?

«ካዮቲውስ?»

ተመልሼ ሄድኩ። በእግሬ፣ ካዮቲው በዞረበት በዚያው ዱካ፣ ሐይቁን ሳልረግጥ። በትከሻዬ ተሸክሜው ስገባ ሮይ ባርኔጣውን አወለቀ። የሰመጠውን ማሽን በማግስቱ በትራክተር ጎተትነው።

ቆዳው አሁን ልብስ ስፌት ቤቱ ግድግዳ ላይ አለ። ደንበኛ «ማን ገደለው?» ሲል ጋሽ ከድር «የገደልኩት እኔ፣ ያወጣችው ዘሀራ። እኔንም ጭምር» ይላሉ። ያ ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ስለዚያ ቀን ስጠየቅ ስለ ገመዱ ብቻ አላወራም፤ ስለዋጥኩት ቃልም አወራለሁ። ሰውየውን ውሃ ውስጥ የከተተው የእኔ ይሉኝታ ነው። ካዮቲው ይሉኝታ የለውም፤ የፈራውን ቦታ ዞሮ ያልፋል። ስለዚህ ቅዳሜ ግግር ላይ አንድ ነገር ካያችሁ፣ እኔም ብሆን ፊት ያለሁት፣ ጩኹብኝ።

ባለፈው ክረምት ከጋሽ ከድር ጋር እዚያው ሐይቅ ዳር ደረስን። ከፊት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሞተራቸውን አጠፉ፣ ሄልሜታቸውን አወለቁ፣ ማሽናቸውን ገለል አድርገው መንገዱን ለቀቁልኝ።

«ታላቅ ይቅደም» አሉኝ።