በጨረታ የሄደው የሃርድ ዲስክ ቀፎ

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እወዳለሁ የሚል ሰው ካለ አንድ ቀን እኔ ጠረጴዛ ላይ ይዋልና ያውራኝ። ኬብሉ ይላላል፣ ሶኬቱ ይነቀላል፣ ደንበኛ ሊያወራ መጥቶ ክርኑን ያሳረፈ እንደሆነ ስንት የተለፋበት ፋይል ገደል ይገባል። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ሰርግ እየቀረጽኩ፣ ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ የእኔ መፍትሔ አንድ ነው፦ ቀፎውን ፈልቅቆ ዲስኩን ማውጣትና ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ማሰር። ከውጭ ሲያዩት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ሳጥን ነው። ሲከፍቱት ውስጡ ያው ተራ ሃርድ ዲስክ ነው፣ ጫፉ ላይ የጣት ያህል ቦርድ ተሰክቶበት። ለስንቱ ሠርቼዋለሁ! ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ በስንጥቁ አስገብቶ ቀስ እያሉ መሄድ ነው፤ ፕላስቲኩ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ ባለቤቱ ማየት አቅቶት ፊቱን ያዞራል፣ አለቀ።

የራሴን የፈለቀቅኩት ባለፈው መስከረም፣ ያሆዴ ሊደርስ ሲል ነው። ለዘመን መለወጫችን እህቴ ከነባሏ ከዱራሜ ልትመጣ ነበር። እናቴ ቀደም ብላ ጀምራ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለኝ፦ «እህትህ ስትመጣ የአባትህን ምርቃት ታሳየናለህ።» አባቴ በእህቴ ሰርግ ላይ ቆሞ በሀዲይኛ መረቀ፤ ሰርጉ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ድምፁ ያለበት ቅጂ እዚያ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ የካሜራዬን ካርድ ለሌላ ሰርግ አጥፍቼዋለሁ። እኔ ራሴ ከሞተ ወዲህ ከፍቼ አላየሁትም። ፈራሁ፣ ሌላ ምን ልበል።

ቪዲዮውን ለበዓሉ ሳሰናዳ ኬብል እንዳያስቸግረኝ ብዬ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ቁጭ ብዬ ፈታሁት። ዲስኩን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስሬ ልከፍት ስል መብራት ሄደ። ቀፎውን ከነቦርዱ፣ ከነኬብሉ ጠቅልዬ ቡፌው ላይ አስቀመጥኩና «ይሄ ከእንግዲህ አያስፈልግም» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። እናቴ አጠገቤ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

እሁድ ሞርሲቶ ቀረጻ ነበረኝ፤ ደክሞኝ መጥቼ ተኛሁ። ሰኞ ጠዋት መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ዲስኩን አላውቀውም አለ፤ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎም ጠየቀኝ፣ ቆሻሻ ልድፋ ወይ እንደሚል ሰው። እጄን ከማውሱ ላይ አንስቼ ጉዳዩን ሳጣራ ነገሩ ገባኝ። የአንዳንዱ ኤክስተርናል ቦርድ የሚያልፍበትን ሁሉ እየቆለፈ ነው ዲስኩ ላይ የሚጽፈው። ቁልፉ ያለው እዚያችው ቦርድ ላይ ነው፤ ያለ እሷ ዲስኩን የሚያነብ የለም። ይህን ለደንበኛ ስናገር ኖሬያለሁ። ባለሙያ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ ለሰው ያስጠነቅቃል፣ ለራሱ ይረሳል። ያም ሆኖ ብዙ አልደነገጥኩም፣ ቦርዷ ቡፌው ላይ ናት ብዬ። ሳሎን ስገባ ቡፌው ላይ ዳንቴሉ ብቻ ነው ያለው።

«እማ፣ እዚህ የነበረው ጥቁር ሳጥን የት ሄደ?»

«ለጌታ ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«አያስፈልግም አላልክም? ትናንት ለቤተክርስቲያኑ ቆርቆሮ መግዣ ስጦታ ነበር። ባዶ እጄን ልሂድ?»

የእኛን ስጦታ ላላየ ሰው፦ ሁሉም ያለውን ያመጣል፤ ዶሮ፣ ቅቤ፣ ጎመን፣ የበቆሎ እሸት። ከአምልኮ በኋላ ጨረታ ይወጣል። ያሸነፈው ከፍሎ ዕቃውን አይወስድም፤ «ለጌታ መልሼ ሰጥቻለሁ» ይልና እንደገና ጨረታ ይወጣበታል። አንዷ ዶሮ ስትሸጥና ስትመለስ ነው የምትውለው። የእኔን ቀፎ አጫራቹ ከፍ አድርጎ «የቴክኖሎጂ ዕቃ ነው፣ የዘመኑ ነው» ብሎ አሞገሰው አሉ። ምን እንደሆነ ከአጫራቹ ጀምሮ የሚያውቅ አልነበረም፤ አለማወቃቸው ደግሞ ዋጋውን ሰቀለው እንጂ አላወረደውም። በመጨረሻ ከፎንቆ በእንግድነት የመጡ አንድ ሽማግሌ አሸነፉ። የእኔ ዕድል ሆነና እሳቸው አልመለሱትም፤ ይዘውት ሄዱ።

«የአባዬ ድምፅ ያለ እሱ አይከፈትም» አልኳት።

እናቴ ነጠላዋን አነሳች። «የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የማመጣውም እኔ ነኝ። ተነስ» አለችኝ።

ዲስኩን ከኮምፒውተሩ መልሼ አወጣሁ። እሷ በሹራብ ጠቅልላ ታቀፈችው፣ እኔ ላፕቶፔን ያዝኩ፣ ከመናኸሪያ የፎንቆ ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ «ማዘር፣ ዕቃውን ከኋላ ላድርግልሽ?» አላት።

«ተወው፣ ባለቤቴ ነው» አለችው።

ረዳቱ እኔን አየኝ፤ እኔ በመስኮት ውጭ ውጭ አየሁ። እስከ ፎንቆ ድረስ ሒሳብ ከመቀበል በቀር አላነጋገረንም።

የሽማግሌውን ቤት ለማግኘት አልተቸገርንም፤ «ሆሳዕና ጨረታ ያሸነፉት» ስንል ገበያው ሁሉ አመለከተን። ሳሎናቸው ጥግ፣ አልጋቸው ካለበት መኝታ ቤት በር አጠገብ፣ ቀፎዬ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቆሟል። ፊቱ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት በርታለች። ሽማግሌው ስናየው አይተው ደስ አላቸው።

«ሌሊት ስነሳ ጫማዬን የማገኘው በሷ ነው» አሉን። «ግሩም ዕቃ ነው። አይጮህ፣ አይሞቅ።»

«አባባ፣ ውስጡ እኮ ባዶ ነው።»

«ቀሎኝ ነበር» አሉ። «የዘንድሮ ዕቃ ምኑ ይከብዳል ብዬ ተውኩት።»

የከፈሉትን ልተካልዎት ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ለጌታ ያወጣሁትን ከሰው ልቀበል? አይሆንም ልጄ። ይሄ አይሸጥም።» ልከራከር አፌን ስከፍት እናቴ በክርኗ ጎኔን አለችኝና በሀዲይኛ ያዘቻቸው። ማን ይሽጡ አለዎት ወንድሜ፣ ዕቃው የእርስዎ ነው አለቻቸው፤ ለአንድ አፍታ ሆድ ዕቃውን እንመልስለትና ባለቤቴን ልስማው። ሽማግሌው ሹራቡን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ተነስተው ሶኬቱን በራሳቸው እጅ ነቀሉ።

ዲስኩን ቦርዷ ላይ ሰካሁት፣ ቦርዷን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁ፣ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁ። ሰማያዊዋ ብልጭ ብልጭ አለች። የቤቱ ሰው ተሰብስቧል፤ ጎረቤትም ሰምቶ መጥቷል። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ እንዳደረግኩ ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ወጡ። መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ ልገልብጠው አልኳት። «መጀመሪያ ልየው» አለች፣ እጄን ጨምድዳ ይዛ። እየተገለበጠ ከፈትኩላት።

አባቴ ብቅ አለ። ኮቱ ሰፍቶታል፣ ሙሽሮቹ ፊቱ ተንበርክከዋል። እጁን ዘርግቶ መረቀ፤ ውለዱ፣ ክበዱ፣ ከደጃችሁ ከብት ከጓዳችሁ ቅቤ አይጥፋ። ሰርገኛው አሜን አለ። የፎንቆው ሳሎንም እጁን ዘርግቶ አሜን አለ፤ የሞተ ሰው ነው ብሎ ያመነታ የለም፣ ምርቃት ምርቃት ነው። እናቴ እያለቀሰች ትስቃለች። «ያን ኮት አትልበስ ብዬው ነበር» ትላለች፣ ለማያውቋት ሰዎች።

ከዚያ አባቴ ቀና ብሎ ወደ ካሜራው አየ። ይሄን ረስቼው ነበር።

«አንተ ከዕቃው ኋላ ያለኸው» አለ። «አንተም እኮ ልጄ ነህ። አስቀምጠውና እጅህን ዘርጋ።»

የእኔ ድምፅ ይመልሳል፦ «እየቀረጽኩ ነው አባዬ፣ በኋላ።»

ሰርገኛው ሳቀ። አባቴም ሳቀ። «በኋላ ይላል» አለ፤ እጁን ግን አላጠፈም። «ይሄን ዕቃ የምታስጥልህ ሚስት ይስጥህ። ቤትህን ሰው ይሙላው።»

ሰርጉ ላይ ከእኔ በቀር ሁሉም አሜን አለ። ሳሎኑም አሜን አለና ዞሮ አየኝ። እናቴ እጄን ለቀቀችው።

«አባትህ እየጠበቀህ ነው» አለችኝ።

ላፕቶፑን ከጭኔ ላይ አወረድኩ፣ ሁለት እጄን ዘረጋሁና አሜን አልኩ።