በእግር ጣት የሚከፈት ሱቅ

ዱባይ ተራ ያለውን የጫማ ሱቃችንን ጠዋት የሚከፍተው አባዬ ነው። ሌላ ሰው ከከፈተው ገበያው ይበላሻል ብሎ ያምናል፤ ጎረቤቶቻችንም እጁ ገደኛ ነው ይላሉ። እኔ ግን ጓጉንቸርና ኪስ የሚቀድ የቁልፍ ዘለላ ሰለቸኝ። ሥልጣኔ ይግባልን ብዬ በጣት አሻራ የሚከፈት ቁልፍ አስገጠምኩ።

የእኔ አሻራ ወዲያው ተመዘገበ። አባዬ ደግሞ ጣቶቹን በሙሉ አስነካ። ዕድሜውን ሁሉ ዕቃ በሲባጎ ሲያስር አሻራው ተልጦ አልቆ ኖሯል፤ ማሽኑ ውስጥ ያለች ሴት በቻይንኛ እየተቆጣች አንድ በአንድ መለሰቻቸው። ካርድ ያዝ ስለው «ካርድ ለተቀጣሪ ነው» አለኝ። የሚስጥር ቁጥር ስለውማ ጭራሽ ባሰበት።

«ለገዛ ሱቄ ማንነቴን በቁጥር ላስረዳ?»

ማሽኑን የገጠመው ቴክኒሻን መሣሪያውን እየሰበሰበ «ጋሼ፣ የእግርዎ ጣትስ?» አለ። ለቀልድ ነበር። አባዬ ግን ጫማውን አወለቀ። የግራ እግሩ አውራ ጣት አንዴ ነክቶ ተመዘገበ፤ ጫማ ውስጥ የኖረ ጣት ምን ይነካዋል።

ከዚያ ወዲያ ተራችን የጠዋት ትርዒት አገኘ። ማሽኑ የተገጠመው ከወገብ ከፍ ብሎ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች አባዬን ብብቱን ይይዙታል፤ እሱ አማትቦ እግሩን ያነሳል። ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው «ና! ና! ትንሽ ቀኝ ቁረጥ!» እያለ መኪና እንደሚያስገባ ሰው ይመራዋል። በሩ ሲከፈት ይጨበጨባል። እኔ በሀፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጫማ ሻጭ በባዶ እግሩ በር ሲረግጥ ያየ ገዢ ምን ይላል?

ክረምት ሲገባ ጣቱ እየረጠበ ማሽኑ እሱንም እምቢ አለ። አንድ ጠዋት ታክሲው መሳለሚያ ላይ መንገድ ተዘግቶበት አርፍጄ ስደርስ፣ አባዬ የአንድ እግሩን ጫማ አውልቆ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ከጎጃም የመጣ አዲስ ደንበኛ «ባለ ሱቁ መቼ ይመጣል?» ይለዋል።

«እኔም እየጠበቅሁት ነው» አለ አባዬ።

አውራ ጣቴን ሳስነካ በሩ ተከፈተ። ደንበኛው ገባ። አባዬ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ውጭ ቆመ።

«ልግባ?» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁት። አይቀልድም።

ደንበኛውን ይቅርታ ጠይቄ አስወጣሁትና ከሰባተኛ ሰፈር በያጅ አስመጣሁ። ማሽኑ ተነቀለ፣ የጓጉንቸሩ ማንጠልጠያ ተመልሶ ተበየደ። አባዬ ጫማውን አደረገ፤ በደራ የገበያ ሰዓት ሱቁን ቆለፈ፣ አማተበ፣ መልሶ ከፈተ። እኔና ደንበኛው ዝናቡ እየወረደብን ደጅ ቆመናል።

መብራቱን አብርቶ ወደ እኛ ዞረ።

«ግቡ እንጂ፣ ምን ያስቆማችኋል?»