ባዝራዋ የመረጠችው ጋጣ

ልጅ እያለሁ፣ በጅቡቲ ከተማ ፈረስ ያለን ሐበሾች እኛ ብቻ ነን ብዬ አምን ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አጣርቼ አላውቅም። ከሰፈራችን ከካርቲየ 5 ልጆች መሃል አንገቴን ቀና አድርጌ እንድሄድ ግን ይበቃኝ ነበር። ትምህርት ቤት ልጆቹ ስለ አዲስ ጫማና ስለ ብስክሌት ሲያወሩ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ ሁሉም ተናግሮ ሲጨርስ «እኛ ሦስት ፈረሶች አሉን» እላለሁ።

ፈረሶቹን ያመጣቸው የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ታደሰ ነው። አያታችን የባቡር ሠራተኛ ሆነው ነው ጅቡቲ የገቡት፤ እናቴም አጎቴም እዚሁ ተወለዱ። አጎቴን ግን በልጅነቱ ሰላሌ ዘመድ ቤት ልከውት ስለነበር ከፈረስ ጋር አደገ። ተመልሶ ሲመጣ፣ «ሰውነቱ ጅቡቲ ገባ እንጂ ልቡ እዚያው ፈረስ ላይ ቀረ» ትል ነበር እናቴ። ጎልማሳ ከሆነ በኋላ አንድ ቀን ድሬዳዋ ሄዶ፣ በዕቃ ባቡር ሦስት ፈረሶች ጭኖ ከች አለ። አንዱ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ፣ ሁለተኛው ጥቁሩ ጉራች፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ዳማ የምንላት ባዝራ ነበረች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ወደ ባሕር ዳር ሲወጣ፣ ጋሼ ታደሰ ልጆችን በፈረስ እያስቀመጠ አሸዋው ላይ ያዞራቸዋል። በሶማልኛ የሚስቅ፣ በአፋርኛ የሚሳደብ፣ በፈረንሳይኛ «እኔ ልቅደም» የሚል፣ በአማርኛ የሚያለቅስ፣ ሁሉም እዚያ አለ። እናቴ የፈሩትን ታባብላለች፤ እኔ የዳማን ልጓም ይዤ ፊት ፊት እሄዳለሁ። የፈረስ ላብና የባሕር ጨው አንድ ላይ ሲሸት ምን እንደሚመስል ያሸተተ ያውቀዋል። ማታ ልብሴ ላይ ስለሚቀር እናቴ «ነይ ተለቃለቂ» ስትለኝ እሸሽ ነበር።

ፈረሶቹ የሚያድሩት ከከተማው ዳር ባልባላ፣ ዋራበሌ በሚባለው ሰፈር፣ አጎቴ በነበረችው ቁራሽ ቦታ ላይ ነበር። ጋጣቸው ዙሪያውም ቆርቆሮ፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። በብርዱ ወራት ማንም ክፉ አላሰበም። የመጀመሪያው በጋ ሲመጣ ግን ያ ቤት ምድጃ ሆነ። አንድ ቀትር ላይ የዋራበሌ ጎረቤት ካርቲየ 5 ድረስ መጥቶ ጠራን። ስንደርስ ጉራች ወድቋል። አጎቴ የፈረሱን ራስ አቅፎ፣ እናቴ ውሃ በጆግ በጆግ እያፈሰሰች፣ እኔ በቁራጭ ካርቶን እያራገብኩ ለመንነው። አልተነሣም። ዓይኑን እንደገለጠ ሞተ።

ከብዙ ቀን በኋላ አጎቴ ቤታችን መጥቶ፣ «የተረፉትን በባቡር እመልሳቸዋለሁ። ይሄ የፈረስ አገር አይደለም» አለ።

እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇን ከአረፋው ሳታወጣ፣ «አገሩን ምን አድርግ ትለዋለህ?» አለችው። «የገደለው ቤቱ ነው።»

ሁለቱም የሚያውቁት ሌላ ነገር ነበረ። ዳማ አርግዛለች፤ ከሟቹ ከጉራች። የምትወልደው ደግሞ በሚመጣው በጋ፣ እሳቱ በሚነድበት ሰሞን ነው። ስለዚህ ተስማሙ። ሙቀቱ ሳይገባ ደህና ጋጣ ከተሠራ ፈረሶቹ ይቀራሉ፤ ካልተሠራ ይሳፈራሉ። እኔ ያን ቀን ማታ ስጸልይ ስለ ሰው አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ ስለ ጋጣ ብቻ ነበር።

የተስማሙት ግን «ይሠራ» በሚለው ላይ ብቻ ነው። ምን ዓይነት ጋጣ? እዚያ ላይ ወንድምና እህት ሆድና ጀርባ ሆኑ። ጋሼ ታደሰ የሰላሌውን ነው የሚያውቀው፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ለእያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ክፍል፣ ከላይ ጠባብ መስኮት፣ ከታች ጠንካራ በር። «ፈረስ ጌታ ነው፤ የራሱ እልፍኝ ሲኖረው ነው የሚያርፈው» ይላል። እናቴ ደግሞ ግድግዳ የሚባል ነገር አልሰማም አለች። ባላ ተክሎ ከላይ ጥላ መዘርጋት፣ በአራቱም በኩል ንፋስ እንዲገባ መልቀቅ። «አንተ እልፍኝ ትላለህ፤ እኔ እስር ቤት ነው የሚታየኝ» ትለዋለች። እራት ላይ ይጨቃጨቃሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይጨቃጨቃሉ፤ ሚኒባስ ውስጥ ሲጀምሩማ ተሳፋሪው ሳይቀር ጎራ ይለይ ነበር።

ክርክሩ አላልቅ ሲል ሁለቱም በእልህ ወደ ሥራ ገቡ። አጎቴ በቦታው አንድ ጫፍ ላይ አንድ የብሎኬት ክፍል አቆመ። እናቴ ደግሞ በሌላው ጫፍ ከእማማ ሃዋ ጋር የራሷን ተከለች። እማማ ሃዋ የዋራበሌ ጎረቤታችን፣ ሶማሌ ናቸው፤ ከዘንባባ ቅጠል ሰሌን ይሠራሉ። እናቴ ምሰሶውን አቆመች፣ እሳቸው ሰሌኑን ከላይ ዘረጉ። የሰፈሩ ሰው በዚያ ሲያልፍ ግራና ቀኙን እያየ ይስቃል። «ሐበሾቹ ለፈረስ ሁለት ሆቴል ከፈቱ» አለ አንዱ።

ሙቀቱ ጠንከር ማለት ሲጀምር እናቴ መላ አመጣች። «እኔና አንተ ምን አጨቃጨቀን? የምትኖርበት እሷ ናት። ዳማ ራሷ ትምረጥ።»

አጎቴ ሳቀ፤ ግን እሺ አለ። የማይረሳኝ ቀን ነው። ቀትር ላይ፣ የዕለቱ ጫት ገብቶ ሰዉ ሊቅም ሲቀመጥ ከተማው ጸጥ በሚልበት ሰዓት፣ የሰፈሩ ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ልጆች ለሁለት ተከፍለናል። በሁለቱም ቤት እኩል ሣርና እኩል ውሃ ተቀመጠ። አጎቴ ዳማን መሃል አምጥቶ ልጓሟን ፈታና ወደ ኋላ ሸሸ።

ሆዷ ወደ ጎን የተነፋው ባዝራ ጆሮዋን ወዲያና ወዲህ አዞረች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ብሎኬቱ ክፍል ገባች። የአጎቴ ደጋፊዎች ጮኹ! አጎቴ ራሱ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ «አላልኳችሁም! ፈረስ ቤቱን ያውቃል!» አለ። ጩኸቱ ገና ሳይበርድ ግን ዳማ ጭንቅላቷን በበሩ ብቅ አደረገች። አንድ እፍኝ ሣር አፏ ላይ ተንጠልጥሏል። እያኘከች ወጣች፤ ቦታውን በዝግታ አቋርጣ ሰሌኑ ሥር ገባች፤ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ቆመች። ጋማዋ ቀስ ብሎ ተነሣ። ንፋስ አግኝታለች። በረጅሙ እፎይ ስትል እኔ ከቆምኩበት ሰማኋት።

እማማ ሃዋ እልል አሉ። አጎቴ ኮፍያውን አውልቆ ለእናቴ እጅ ነሣና፣ «በቃ፣ ተረታሁ» አለ።

ተረታሁ ያለው ግን ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው። ሳምንቱ ሳይሞላ የመጀመሪያው ካምሲን ነፈሰ። ካምሲንን የማያውቅ ሰው፣ የእሳት ምድጃ በር ተከፍቶበት አሸዋ በፊቱ ሲደፋበት ያስብ። ጠንካራ እንኳን አልነበረም፤ ቢሆንም የእናቴን ሰሌን ገንጥሎ ሦስተኛው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ፈረሶቹን አሸዋ እየገረፋቸው እየጎተትን ወደ ብሎኬቱ ክፍል አስገባናቸው። ያን ቀን ያተረፋቸው የአጎቴ ግድግዳ ነው።

አጎቴ «አየሽ?» ሊላት ይችል ነበር። አላላትም። የተበጣጠሰውን ሰሌን ተሸክሞ አመጣና እግሯ ሥር አስቀምጦ፣ «ጥሩዬ፣ አሁን ምን እናድርግ?» አላት። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ብዙ አሰበች። ከዚያ አያቴ ይሉት የነበረውን ተረት አነሣች፦ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል።»

በማግሥቱ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራ ተከለች። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊትና ስመለስ ዋራበሌ ደርሼ ጨርቁ ወዴት እንደሚውለበለብ እያየሁ የምነግራት እኔ ነበርኩ። ነገሩ ቶሎ ገባን። ቀዝቀዝ ያለው ንፋስ ከባሕሩ በኩል ይመጣል፤ እሳቱ ከኋላችን፣ ከፀሐይ መግቢያ። እናቴ በእንጨት አሸዋው ላይ ሣለች፣ አጎቴ በእግሩ አጠፋ፣ እንደገና ሣለች። በመጨረሻ ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ሥዕል ቀረ። በምዕራብ በኩል የብሎኬት ግድግዳ፣ ወፍራም፤ በቀሩት ሦስቱ ጎኖች ክፍት፣ ሲያስፈልግ ወደ ታች የሚለቀቅ፣ ሳያስፈልግ የሚጠቀለል ሰሌን። ጣሪያው ከፍ ያለ፤ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ሰሌን፣ አናቱ ላይ ሙቀት የሚያመልጥበት ክፍተት። በፈረሶቹ መሃል ደግሞ ደረት የሚደርስ አግዳሚ ብቻ፤ አጎቴ እንዳለው ለየብቻ፣ እናቴ እንዳለችው እየተያዩ።

አጎቴ የሠራውን ክፍል በገዛ እጁ አፈረሰ። ብሎኬቱ ለአዲሱ ግድግዳ ሆነ። ምሰሶ ሲቆም፣ በየመን በኩል ዐረብ አገር ለመሻገር ባልባላ ጀልባ የሚጠብቁ የወሎና የጅማ ልጆች መጥተው አገዙን፤ እናቴ ድስት ሙሉ ምሳ ሠርታላቸው ነበር። ከባዱን ማገር እያዜሙ ሲያነሡ፣ አንዱ ላቡን ጠርጎ፣ «ጉድ እኮ ነው፣ ለራሳችን ቤት ሳንሠራ ለፈረስ ሠራን!» አለና ሁሉም ሳቁ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው እናቴ ነበረች፤ ከዚያ ግን ፊቷን አዙራ ስታለቅስ አየኋት። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጆቹ በጀልባ ተሳፍረው ሄዱ።

ትልቁ ካምሲን የመጣው ጋጣው በተጠናቀቀ ሰሞን ነው። ከጠዋቱ ጀምሮ ሰማዩ ቡና ዓይነት ቀለም ያዘ። እኔና እናቴ ዋራበሌ ስንደርስ የቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ወረቀት እየበረረ ነበር። ሮጠን ጋጣው ውስጥ ገባን። አጎቴ ሰሌኖቹን ለቆ፣ ጫፋቸውን ከድንጋይ ጋር አስሮ፣ ሁለቱን ፈረሶች ከግድግዳው ሥር አቁሟቸዋል። ንፋሱ ግድግዳውን እንደ በሬ ይገፋል፤ ግድግዳው ንቅንቅ አይልም። ጥቂት ቆይቶ ሰሌኑ ተገለጠና እማማ ሃዋ ከፍየሎቻቸው ጋር ገቡ፤ የቤታቸው ጣሪያ ተነቅሏል። ከእሳቸው ኋላ ሕፃን ያቀፈች ጎረቤት፣ ከእሷ ኋላ «ሁለት ሆቴል» እያለ ያሾፈው ሰውዬ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ። ሰፈሩ ሁሉ ተግተልትሎ ገባ። ሰውና ፍየል፣ ፈረስና ሕፃን ተጠጋግተን፣ ሻሽ አፋችን ላይ አስረን ቆምን። በአራት ቋንቋ ነበር የሚጸለየው። ዳማ ሕፃኑን አሽትታ እፍ ስትልበት ሕፃኑ ሳቀ፤ ከዚያ ሁላችንም።

ንፋሱ ሲያበቃ ወጥተን አየን። በመስመሩ ላይ አንድም ጣሪያ ያልተነካ ቤት የለም፤ የእኛ ጋጣ ግን አንድ ቆርቆሮ አልጎደለበትም። ያ ያሾፈው ሰውዬ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ይሄን ጋጣ ለእኔም ሥሩልኝ» አለ። እውነቱን ነበር፤ በዚያ ዓመት አጎቴና እናቴ ለስንቱ ጎረቤት በዚያው ዓይነት ቤት አቀኑለት።

ዳማ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ንጋት ላይ ወለደች። ስንደርስ ጥቁር ውርንጭላ በአራት ቀጫጭን እግሮቹ እየተንገዳገደ ቆሟል፤ የአባቱ መልክ ነው። የባሕሩ ንፋስ እየገባ እርጥብ ፀጉሩን ያደርቀዋል። አጎቴ ተንበርክኮ ግንባሩን በውርንጭላው ግንባር ላይ አሳረፈ። ስለ መመለስ፣ ስለ ባቡር፣ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልተነሣም። በጋው ሲያልፍ፣ በመጀመሪያው ቀዝቃዛ ዓርብ፣ ውርንጭላው ከእናቱ ኋላ ባሕር ዳር ሲወርድ ሕዝቡ መንገድ ከፍቶ አጨበጨበ። እኔ ልጓም ይዤ ፊት ፊት ስሄድ ንጉሥ አክሊል ደፍቶ እንደዚያ የሄደ አይመስለኝም።

ዛሬ ዋራበሌ ቤት ከቤት ተጣብቋል። እኔም የምኖረው መስኮቱ በማይከፈት፣ ክሊማ የምንለው ማቀዝቀዣ በሚያንጎራጉርበት ቤት ነው። ሙቀት ሲመጣ እያንዳንዳችን በራችንን ዘግተን እንገባለን፤ መብራት ሲጠፋ ብቻ ደረጃው ላይ ተገናኝተን «ለካ አላችሁ!» እንባባላለን። ያኔ ግን ሙቀቱ ራሱ ነበር ከያለንበት አውጥቶ አንድ ጣሪያ ሥር የሚሰበስበን። ጋሼ ታደሰ አርፏል። ፈረሶቹ እያረጁ፣ ውርንጭላው ጎልምሶ ለሌላ ጌታ ሄዶ፣ ቦታው ለአጎቴ ልጆች ቤት መሥሪያ ሲፈለግ፣ ጋጣውን ያፈረስነው እኛው ነን። እናቴ መጀመሪያዋን ብሎኬት ከግድግዳው ላይ ስታወርድ አጠገቧ ቆሜ ነበር። አቧራዋን አራገፈች፣ ወደ ፀሐይ መግቢያ ዞር አለችና ፈገግ ብላ፣ «አንተ አላፈረስከውም» አለችው፣ ንፋሱን።