ከአርዲቦ የወጣሁበት የፍየል መንገድ

ተወልጄ ያደግሁት አፋር፣ ዱብቲ ነው፤ አባቴ የጥጥ እርሻው ሠራተኛ ነበር። እዚያ ዓይን የሚያግድ ነገር የለም፤ የሚመጣ ሰው ገና ከሩቅ ይታያል። ባለቤቴ ግን ወሎዬ ነው፣ አርዲቦ ሐይቅ ካለበት ተራራ። እኔ ሰመራ ተቀጥሬ እሠራ ነበር፤ እሱ እዚያው አጠገብ ሎጊያ ላይ ሻይ ቤት ነበረው። አንድ ክረምት የሰመራው ሙቀት ሲብስብኝ፣ «እናቴ ጋ እንሂድ፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎሽ ትመለሻለሽ» አለኝ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ሄድን።

እንደደረስን ደስ አለኝ። ሐይቁ ከጓሯቸው ሥር ተኝቷል፤ ዙሪያውን ተራራ ነው። ከዚያ ዝናቡ ጀመረ። ወደ ከተማ የሚያወርደው መንገድ ተናደና መኪና ቆመ። ጉም ወርዶ ሐይቁን ሸፈነው። ቀና ብል ገደል፣ ዞር ብል ገደል። ጋቢ ተከናንቤ እሳት ዳር ተቀምጬ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር።

«መንገዱ መቼ ነው የሚከፈተው?» ባልኩት ቁጥር ባለቤቴ ወሬ ይቀይራል። አንድ ጠዋት ግን በረቱ አጠገብ አስቁሞኝ፣ «ሻይ ቤቱን ሳንመጣ ነው ለሰው የለቀቅኩት» አለኝ። «እናቴ ደክማለች፤ መሬቱም ጦሙን እያደረ ነው። እዚሁ እንኑር።»

«ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

አልመጣም ነበር።

ቦርሳዬን ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። ናዳው ጋ ስደርስ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድ አለኝ። እያለቀስኩ ሳለሁ አማቴ ከኋላዬ ደርሰው ምርኩዛቸውን ዘረጉልኝ። ይዤው ወጣሁ።

«እኔንም ድረው ያመጡኝ ሳይጠይቁኝ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ከቆላ፣ ከባቲ በኩል። መጀመሪያ ሰሞን ይሄ ተራራ የሚወድቅብኝ ይመስለኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተመለሱም?»

«ማን ይዞኝ ይሂድ? በይ ነይ፣ በላይ በኩል የፍየል መንገድ አለ። ለሱ እኔ እነግረዋለሁ።»

ቀስ እያሉ ከፊቴ ሄዱ። ናዳውን ዞረን መኪና የሚገኝበት ስንደርስ ግንባሬን ሳሙኝና፣ «አላህ ያግባሽ» ብለው ተመለሱ። ጉሙ እስኪውጣቸው ቆሜ አየኋቸው።

ባለቤቴ እዚያው ቀረ። አዝመራውን ሰብስቦ ሲጨርስ ሰመራ ይመጣል፤ ጥቂት ሰንብቶ ይሄዳል። አልተፋታንም፣ አብረንም አንኖርም። አማቴ በስልክ፣ «ደረቅ ወር ሲሆን ብቅ በይ፣ መንገዱ ክፍት ነው» ይሉኛል። ይናፍቁኛል። እስካሁን ግን አልሄድኩም።