በካሜራው ውስጥ የቀረው ሰይድ

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸት ነበር። አባባ ደሴ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ነፍሱ ግን ፎቶ ማንሳት ላይ ነበረች። ቧንቧ ውሃ በነበረው ቤታችን ዕቃ ቤቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርዶ፣ ቀይ አምፖል ሰቅሎ፣ ፊልም የሚያጥብበት ጨለማ ክፍል አድርጎት ነበር። እኔና እህቴ አብረነው ለመግባት እንሻማለን። ነጭ ወረቀት ኬሚካሉ ውስጥ ተኝቶ ቀስ በቀስ ዓይንና አፍንጫ ሲያወጣ ከማየት የሚበልጥ ጨዋታ አልነበረንም።

ካሜራው ከባድ የሩሲያ ሥሪት ነበር። ሌንሱን በጣታችን ከነካን አባባ ያን ቀን አያናግረንም። ጎረቤቱን ሁሉ በነጻ ያነሳ ነበር፤ ሙሽራውን፣ አራሷን፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር ሳይቀር ከነሚስቱ።

ሰይድ ከአጥር ወዲያ ያሉት የእትዬ ዘሃራ አንድ ልጅ ነበር። እትዬ ዘሃራ ከኩታበር የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ሰይድ የጨርቅ ኳሳችን ሲተረተር የሚሰፋልን እሱ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ እናቱ ይዘውት መጡ።

«መምህር፣ እስኪመጣ እያየሁት ልቆይ፤ ያንሱልኝ» አሉ።

አባባ የራሱን ኮት አለበሰው። ስለሰፋው ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ ሰበሰበለትና ግድግዳው ሥር አቁሞ አንድ ጊዜ አነሳው። ፊልም በደሴ ብርቅ ስለነበረ ሳያልቅ አይታጠብም። «ሲያልቅ አትሜ አመጣልዎታለሁ» አላቸው። ሰይድ በማግስቱ ሄደ።

እኛ ጴንጤዎች ነበርን። ጸሎት ቤታችን ስለታሸገ በየቤቱ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንሰበሰብ ነበር። ፊልሙ ሳያልቅ፣ ተራው የእኛ ቤት በሆነበት እሑድ አብዮት ጥበቃዎች ገቡ። «ለማን ነው የምትሰልለው?» እያሉ አባባን ከነካሜራው ወሰዱት። አባባ ከሳምንታት በኋላ ፀጉሩ ተላጭቶ፣ ከስቶ ተመለሰ። ካሜራው ቀበሌ ቀረ።

ክረምቱ ሲወጣ ከሰይድ ጋር የዘመተ አንድ ቁስለኛ በክራንች መጥቶ መርዶውን ነገረ። እትዬ ዘሃራ ከለቅሶው ተነሥተው ደጃችን ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ ያችን ፎቶ አሁን ይስጡኝ። ወላሂ መልኩ እየጠፋብኝ ነው።»

አባባ እጄን ይዞ ቀበሌ ሄደ። ሊቀመንበሩ ካሜራውን ከቁም ሣጥን አወጣ።

«ካሜራው ይቅር፣ ጓድ» አለ አባባ። «ፊልሙን ብቻ ስጠኝ። ለእናት አገሩ የወደቀ ልጅ መልክ አለበት።»

«ፊልሙን ነው የፈለግከው?» አለና ሊቀመንበሩ የካሜራውን ጀርባ ከፈተ። ፊልሙን ጎትቶ በመስኮቱ ፀሐይ ላይ ዘረጋው። «ይኸው፣ ውሰድ።»

አባባ ተቀብሎ ጠቀለለው። ብርሃን የበላው ፊልም እንደማይመለስ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን እስከ እትዬ ዘሃራ ቤት ድረስ በብብቱ ይዞት ሄደ። እዚያ ደጃፍ ላይ «ተቃጥሏል» ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

እትዬ ዘሃራ ክንዱን ያዙት። «አብሽሩ መምህር። ልጄን ያልመለሱ ሰዎች ጥላውን ይመልሱልኛል ብዬ ነው?»

አባባ ያን ሳምንት ጥቁሩን ጨርቅ አወረደ። ዕቃ ቤቱ የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆነ። ደርግ ወድቆ ካሜራ በየሱቁ ሲደረደርም አንድ ቀን እንኳ አንሥቶ አላየም።

ዛሬ ልጆቼ ምሳቸውን ሳይቀምሱ ፎቶ ያነሡታል። ሰው ሲሞት ምስሉ በሸራ ታትሞ፣ በለቀስተኛው ደረት ላይ ተለጥፎ ይወጣል። አባባ አርፏል፤ እትዬ ዘሃራም የልጃቸውን መልክ አንድ ጊዜ እንኳ መልሰው ሳያዩ አለፉ። በዚያ ሰፈር ሰይድን የሚያስታውስ ከእኔና ከእህቴ በቀር ማን እንደቀረ አላውቅም። በቀደም እህቴን ስለ መልኩ ጠየቅኋት። እሷ ጠይም ነበር አለች፤ እኔ ቀይ ነበር አልኩ። ማን ያስታርቀን?