የአባቴ ጋሌታ

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ የልጅ ልጄ ቤት ሄጄ ነበር። ብስኩት ልትጋግር ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ቅቤውን በሲኒ እየለካች ታቦካለች። ላግዝሽ ብላት፣ "እማማ፣ እርስዎ ዝም ብለው አረፍ ይበሉ፤ ይኼ የእናንተ ዘመን ነገር አይደለም" አለችኝ። ወይ ጉድ! ሳቄ መጣ። "ልጄ፣ እኔ ብስኩት ስጋግር እናትሽም አልተወለደች" አልኳት። አላመነችኝም። አልፈርድባትም፤ እኔም ራሴ ነገሩን ሳስበው አንዳንዴ እውነት ሆኖ ነው ወይ እላለሁ።

ጣልያን ገና ከአገራችን ሳይወጣ ነው። የምንኖረው እዚያው ጎጃም፣ አማኑኤል ከተማ አጠገብ ነበር። አባቴ ለአርበኞች እህል ደብቀዋል ተብለው ተይዘው፣ በመኪና ተጭነው ወዴት እንደሄዱ ሳናውቅ ሁለት ክረምት አለፈ። የእኔም ሰርግ በዚሁ ምክንያት ተራዝሞ እቤት ቁጭ ብያለሁ። በሐምሌ ጭቃ፣ አገሩ ሁሉ ጉም ለብሶ ሳለ፣ አንድ የከሳ ሰው በትር ተመርኩዞ ደጃችን ቆመ። እናቴ ልታባርረው ወጥታ ነበር። ጠጋ ስትል ነው ባሏ መሆናቸውን ያወቀችው።

ዶሮ ታረደ፣ ገንፎ ተገነፋ፣ አጥሚት ተሠራ። አባቴ ያዩታል እንጂ አይነኩትም። በሁለተኛው ቀን ከጉያቸው አንድ ቁራጭ ነገር አውጥተው ለእናቴ አሳዩዋት። የጣልያን ወታደር ደረቅ ብስኩት ነው፤ ያኔ ጋሌታ ነበር የምንለው። "እንዲህ ያለ ስጡኝ" አሉ። እናቴ ተንጨረጨረች። "ሁለት ክረምት አልቅሼ የጠበቅኋቸው የጠላት ምግብ ሊያምራቸው ነው?" አለች፣ እሳቸው በማይሰሙበት። ጎረቤትም ማንሾካሾክ ጀመረ። "ገብተውላቸዋል እኮ፤ ምግባቸው ሁሉ ጥሟቸዋል" ተባለ። ጋሌታ ከገበያ ስንገዛ ብንታይ ሐሜቱ እውነት ሆነ ማለት ነው። ባይበሉ ደግሞ ዓይናችን እያየ ሊሞቱብን ነው።

"እኛው እንጋግረዋለን" አለች እናቴ በመጨረሻ።

ቁራጩን አገላብጠን አየነው። ላዩ በሙሉ የተበሳሳ ነው። ስንዴ ፈጨን፣ በወንፊት ነፋን፣ ያለ እርሾ በውሃና በጨው ድርቅ አድርገን አቦካን። ክንዴ እስኪዝል አሸሁት። በቢላ ቆራርጠን፣ ሙዳይ በምንሰፋበት ወስፌ በሳሳነው። እናቴ ቀዳዳው አንድ ምስጢር ያለው መስሏት የእኛውን ከዋናው ጋር ደጋግማ ታስተያይ ነበር። "ድግምት እንደሆነስ በምን ይታወቃል? ለማንኛውም አንዱን በመስቀል አምሳል ብሺው" አለችኝ። በሁለት ገል መሃል አድርገን፣ ከሥርም ከላይም ፍም ጨምረን ጋገርነው። ሽታው እንደ ቆሎ ነው፤ ምራቄን ዋጥኩ።

አባቴ አንዱን አነሱና ለሁለት ሰበሩት። ግማሹን ውሃ እያስነኩ ቀስ ብለው በሉ። ግማሹን በግራቸው በኩል መደቡ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ጨው በዝቶበት ነው" አለች እናቴ። በማግስቱ ጨው ቀነስን። ግማሹን በሉ፣ ግማሹን አስቀመጡ። ወተት ጨመርንበት። ቅቤና ጥቁር አዝሙድ አስገባንበት። ያው ነው! የቤቱ ስንዴ እያለቀ ሄደ፤ የአባቴም አንገት እየቀጠነ። ኧረ ሰው በግማሽ ጋሌታ ይኖራል? እኔና እናቴ ግራ ገብቶን እርስ በርስ መቆጣት ጀመርን።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። "አባዬ፣ ኧረ በማርያም! ምኑ ነው የጎደለው? ይንገሩንና እናስተካክለው።"

ተገርመው አዩኝ። "ምን ጎደለው? ምንም አልጎደለውም።"

"ታዲያ ለምን አይጨርሱትም?"

"የደምሌ ነዋ" አሉ፣ በግራቸው ያለውን ባዶ መደብ እያሳዩኝ። "በአንድ ሰንሰለት ለታሰረ ሁለት ሰው አንድ ጋሌታ ነው የሚሰጡት። እሱ ድርሻውን ሳይበላ እኔ ሌላ ላንሳ? ነውር አይደለም እንዴ?"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። አብደዋል እንዳልል አነጋገራቸው የጤነኛ ነው፤ ጤነኛ ናቸው እንዳልል መደቡ ላይ ሰው የለም። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሄጄ በግራቸው ተቀመጥኩና ያን ግማሽ አንስቼ በላሁት። ጉሮሮዬን ፋቀኝ። አባቴ እስክውጥ ጠበቁኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱና ሌላ አነሱ። ሰበሩት። ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ።

"ያ ሳልህስ?" አሉኝ። "ተሻለህ?"

"ተሻለኝ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ያን ቀን እያካፈሉኝ ሳህኑን ጨረስነው። ዘመን መለወጫ እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ በግራቸው እየተቀመጥኩ በላሁ። ቀስ በቀስ እንጀራውንም ለመዱ፣ በስሜም መጥራት ጀመሩ። ጎረቤትም አፉን ሰበሰበ፣ የእኔም ሰርግ ተደገሰ።

ያን ቀን ማንን እያዩ እንደበሉ ግን እስከ ዛሬ አይገባኝም። ልጃቸው መሆኔን ያውቁ ነበር? ወይስ ደምሌን ነው ያዩት? ብጠይቅ ያ ነገር ይመለስባቸዋል ብዬ ስፈራ ስፈራ እሳቸውም አለፉ። ደምሌ የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ ከዚያ ሰንሰለት በምን እንደተለየ የነገረኝ የለም። ድሮ ደስታው ብቻ ነበር የሚታወሰኝ። ከወለድኩ ወዲህ፣ ይልቁንም ካረጀሁ ወዲህ፣ ሌላ ሐሳብ ይይዘኛል። እኔ በእሱ አፍ "ተሻለኝ" ብዬ አባቴ ዳኑልኝ። እሱም እኮ እናት ነበረችው፤ ለእሷ ማን መልስ ሰጣት?